የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ፊደል? ከዶስ እስከ ዛሬ የግዕዝ ኪቦርድ ክርክር ዳሰሳ

በትዕዛዝ መስመር በሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፎችን እንደ ራስ ፍላጎት ማዛወር እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የምቾት ጉዳይ ነው። «ኤፍ 1»ን ሲጫን የፋይሎች ዝርዝር እንዲወጣለት ያደርጋል፤ ባያደርግም ሥራው አይቆምበትም። አማርኛ ለሚጽፍ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ቁልፎቹን ሳያዛውር አንዲት «ሀ» እንኳ አይጽፍም። ስለዚህ በኛ ዘንድ የኪቦርድ ማስተካከል ታሪክ ራሱ የአማርኛ ኮምፒዩተር ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የወረዳ ደብዳቤና የፍርድ ቤት አቤቱታ የሚተይብ ሰው በጣቱ ላይ ያለው ልማድ ከዚያ ታሪክ የወረደ ነው።

በጉዳዩ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደናገረው ሦስት ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። አንደኛው ቁልፉ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ለማሽኑ ቁጥር ይልካል። ሁለተኛው ኮዱ ነው፤ ፊደሉ በፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ቁጥር። ሦስተኛው ቅርጹ ነው፤ በስክሪን ወይም በወረቀት ላይ ለዓይን የሚታየው። በአይ ቢ ኤም ፒሲ ላይ የ«ኤ» ቁልፍ የሚልከው ቁጥር 30 ነው፣ የ«ኤፍ 1» ደግሞ 59። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ፊደል ምንም አያውቁም፤ ትርጉም የሚሰጣቸው በመካከል የተቀመጠው ፕሮግራም ነው። «ኪቦርዱ አንድ ይሁን» የሚለውም «እያንዳንዱ በወደደው ይጻፍ» የሚለውም ወገን ከነዚህ ከሦስቱ ስለየትኛው እንደሚናገር ካልታወቀ ክርክሩ አይፈታም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮምፒዩተር በፊት

ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ችግር በኋላ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹን የጠበቃቸው ያው ችግር ነው። 33 ዋና ፊደላት በ7 ሆሄ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከም የቁልፍ ብዛት በመኪና ላይ የለም። የተገኘው መላ ፊደሉን መበተን ነበር፤ ግንዱን አንድ ቁልፍ ይመታል፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ሌላው ይቀጥልበታል። በኋላ በኦሊቬቲ መኪኖች በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራጨውም በዚሁ መንገድ የሚሄድ አጻጻፍ ነው።

የዚህ ውርስ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሰለጠነ የታይፕ ጸሐፊ ትውልድ ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ትውልድ የለመደውን አቀማመጥ እንዲያገኝ መፈለጉ ተገቢ ነበር። ሁለተኛው ግን ጎጂ ልማድ ነው፤ ቅርጽን ከፊደል ጋር ማምታታት። በመኪናው ላይ «ሉ» ማለት «ለ» እና አንዲት ጭረት ነበር። ወረቀት አይጠይቅምና ችግር አልነበረውም፤ ኮምፒዩተር ግን መፈለግና በፊደል ተራ መደርደር ስላለበት ይጠይቃል። ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች ይቀነስ ወይም ይሻሻል የሚለው አሳብም የበቀለው ከዚሁ ጭንቅ ነው። ያ አሳብ አለመሳካቱን እንደ መልካም ዕድል እቆጥረዋለሁ፤ የማሽኑ ችሎታ በ50 ዓመት ውስጥ አደገ፣ የተቀነሰ ፊደል ግን ተመልሶ አይመጣም ነበር።

ዶስና የ256 ቦታ ጥበት

የ1981ዱ አይ ቢ ኤም ፒሲ 83 ቁልፎች ነበሩት፤ በስክሪኑም ላይ ሊታዩ የሚችሉት ቅርጾች 256 ብቻ። የመጀመሪያዎቹን 128 ቦታዎች የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና መቆጣጠሪያ ይዟቸዋል፤ ለሌላ ቋንቋ የቀሩት 128 ናቸው። 231 ፊደል በ128 ቦታ አይገባም። በዚህ ላይ የዶስ ፊደል ስፋቱ 8 ነጥብ ያህል ነው፤ እንደ «ጨ» እና «ጬ» ያሉ እግረ ብዙ ፊደላት በዚያ ጥበት ውስጥ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በ1984 ኢጂኤ፣ በ1987 ደግሞ ቪጂኤ የተባሉት የስክሪን ካርዶች መጥተው ቅርጾችን መቀየር ሲፈቅዱ፣ ሁለት ሠንጠረዥ በአንድነት ተጭኖ 512 ቅርጽ ማሳየት ተቻለ። ዋጋው የደማቅ ቀለሞቹን ግማሽ ማጣት ነበር። ለአማርኛ ጸሐፊ ርካሽ ዋጋ ነው።

ቁልፎቹን ለማዛወር ዶስ የሚሰጠው መሣሪያ ሦስት ነበር። አንደኛው አንሲ ሲስ የተባለው ፋይል ነው። በኮንፊግ ሲስ ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ ከጫኑት በኋላ፣ ለምሳሌ የ«ኤፍ 1»ን ቁጥር (0 እና 59) ጠቅሶ በምትኩ የሚወጣውን ጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል። ለትዕዛዝ አቋራጭ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው በዶስ በኩል ለሚያነቡ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። ከማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ከቢዮስ፣ በቀጥታ የሚያነብ የጽሑፍ ማቀናበሪያ አልፎት ይሄዳል። ሁለተኛው በዶስ 5 በ1991 የመጣው ዶስኪ ነው፤ የትዕዛዝ ምሕጻር ይሠራል እንጂ ፊደልን አይነካም። ሦስተኛው ኪይብ ነው፤ የፈረንሳይን፣ የጀርመንን፣ የሌሎችንም አገሮች አቀማመጥ ይጭናል። ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

ስለዚህ የቀረው የራስን ፕሮግራም መጻፍ ነበር። በማኅደረ ትውስታ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ እያንዳንዱን የቁልፍ ምት ከመድረሱ በፊት የሚጠልፍና በግዕዝ ፊደል የሚተካ ፕሮግራም። በአሜሪካ ፍስሃ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ በዚህ መስክ ቀድመው ከገቡት መካከል ናቸው፤ በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ለዚህ ዳሰሳ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ሠሪ ቁልፉንም፣ ኮዱንም፣ ቅርጹንም በራሱ መወሰን ነበረበት። ምርጫ አልነበረውም። ከዚህም የተነሣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ በሌላው የማይነበብ ሆነ። ኋላ በዊንዶውስ ላይ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ሲነግሡም በሽታው አብሮ ተሻገረ፤ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ያስቀመጠ ሰነድ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል።

ስንት ምት? የሦስቱ መንገዶች ክርክር

የቁልፍ አቀማመጥን በተመለከተ ዋናዎቹ አቋሞች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁልፍ ልስጥ ይላል። በኪቦርድ ላይ ለፊደልና ለምልክት የሚያገለግሉት ቁልፎች 47 ያህል ናቸው። እያንዳንዱን ብቻውን፣ ከሺፍት፣ ከአልት እና ከሁለቱ ጋር ብንጠቀምበት 188 ይሆናል። ከ231 ያንሳል። ቢበቃም እንኳ አልትን መያዝ የፕሮግራሙን የራሱን አቋራጭ ቁልፎች ይነጥቃል። ይህ መንገድ በስሌት የተሸነፈ ነው።

ሁለተኛው የጽሕፈት መኪናውን ፈለግ ይከተላል። ቁልፉ ብቻውን ሲመታ ግዕዙን ይሰጣል፣ የቀሩት ስድስቱ ሆሄያት ተጨማሪ ምት ይጠይቃሉ። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በተማረ አእምሮ ውስጥ ግዕዝ ዋና መሆኑ ለዚህ ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ነው።

ሦስተኛው በድምፅ የሚሄደው ነው፤ ተነባቢው ብቻውን ሳድስን ይሰጣል፣ አናባቢው ሲከተል ይለወጣል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት የዚህ መንገድ ጥርት ያለ መግለጫ ነው። ዓላማው ግዕዝን በተራ የላቲን ፊደል አስመስሎ ማስተላለፍ ነበር፤ ፎንት በሌለበት፣ የትዕዛዝ መስመር ብቻ ባለው ማሽን ላይም ሊነበብ እንዲችል። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይቶ ይጠቀማል፤ ትንሹ «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቁ ለ«ጥ»፤ ትንሹ «ኤን» ለ«ን»፣ ትልቁ ለ«ኝ»።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምት በመቁጠር ማነጻጸር ይቻላል። «ጋይንት» በሳድስ መነሻ 5 ምት ነው፣ በግዕዝ መነሻ 8። «ስማዳ» 5 እና 6። «ሰላም» በሁለቱም 5። «ከበደ» ግን በሳድስ መነሻ 6 ሲሆን በግዕዝ መነሻ 3 ብቻ። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ በብዛት ስለሚገባ ሒሳቡ በድምሩ ወደ ሦስተኛው ያደላል። ሆኖም የምት ቁጥር ብቻውን ዳኛ አይደለም። በድምፅ መንገድ «ርእስ» ሲጻፍ ሳድሱ «ር» ከተከታዩ አናባቢ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ፊደል እንዳይሆን መለያ ማስገባት ግድ ነው፤ ጀማሪን የሚያሰናክለው እንዲህ ያለው ቦታ ነው። በሌላ በኩል የድምፁ መንገድ የላቲን ኪቦርድ ለሚያውቅ ሁሉ ያለ ሥልጠና ይከፈታል። የመስፋፋቱ ምስጢር ይህ ይመስለኛል፤ ምቱ ባያንስ ኖሮም ያሸንፍ ነበር።

በአሮጌው ማሽን ላይ የድምፁ መንገድ የራሱ ጣጣ ነበረው። «ስ» ተጽፎ አናባቢው ሲመጣ የታየው ጠፍቶ «ሰ» መተካት አለበት። ይህን ለማድረግ አንዱ ዘዴ የመሰረዣ ምትና አዲሱን ፊደል ወደ ቢዮስ የቁልፍ ማቆያ መክተት ነው። ማቆያው የሚይዘው 15 ምት ብቻ ነው። ፈጣን ጸሐፊና ዝግተኛ ማሽን ሲገናኙ ማቆያው ይሞላል፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ ፊደል ይዘለላል።

ሞክሼ ፊደላቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ናቸው። «ሰ» ቀላሉን ቁልፍ ከወሰደች «ሠ» የት ትሂድ? ሴራ ከፊቷ ምልክት ያስቀምጣል፤ ኪይማን በተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ላይ የሚሠሩት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አቀማመጦች ቁልፉን ሁለት ጊዜ በመምታት ይፈቱታል። ቀላሉን ቁልፍ ያገኘችው ፊደል በጽሑፍ እየበዛች፣ ሌላዋ እየተረሳች መሄዷ አይቀርም። ለጋዜጣ አማርኛ ይህ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ወሰደ ለሚልበት ለግዕዝ ጽሑፍ ግን የቁልፍ አቀማመጥ የትርጉም ጉዳይ ነው።

ትዕዛዙና ጽሑፉ በአንድ ኪቦርድ

በትዕዛዝ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ከፊደሉ ሌላ ተጨማሪ ቀንበር አለበት፤ ትዕዛዙ በላቲን ነው፣ ጽሑፉ በግዕዝ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚመታው አቋራጭ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ነው።

ለዚህ የተሟላ መልስ የሰጠው ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ይመስለኛል። በጃፓን ብዙ ቋንቋ ለመጻፍ የተሠራው ሙል በ1997 በወጣው ኢማክስ 20 ውስጥ ሲዋሐድ የግዕዝ ክፍሉ አብሮ ገባ፤ የጻፈው ጃፓናዊው ታካሀሺ ናኦቶ ነው። ኮንትሮልን ከግራ ዘመም ጭረት ጋር ሲመቱ ወደ ግዕዝ ይገባል፣ እንደገና ሲመቱ ይወጣል፤ በግዕዝ ውስጥ እያሉም የኮንትሮል ትዕዛዞች አይነኩም። «ኤፍ 3» በግዕዝ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ሴራ፣ «ኤፍ 4» ከሴራ ወደ ግዕዝ ይመልሳል። ሺፍትና «ኤፍ 6» የፊደሉን ሆሄ ለብቻው ይለውጣል። የባዶ ቦታ ቁልፍ ባዶ እንዲተው ወይም ሁለት ነጥብ እንዲጥል የሚያዘውም ትዕዛዝ አለ። ይህን የሠራው ሰው የግዕዝ ጸሐፊ በዕለት ሥራው ምን እንደሚያስፈልገው በጥንቃቄ አጥንቷል። ከሁሉም በላይ ተጠቃሚው የማይስማማውን ቁልፍ በአንዲት መስመር መለወጥ ይችላል።

ሊኑክስ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጎሃ የሚባሉ የግዕዝ ፎንቶች አሉት፤ ቁልፎቹንም ሎድኪስ በተባለው ትዕዛዝ ከተራ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ያዛውራል። ገደቡ ሁለት ቁልፎችን በሚያጣምረው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የሊኑክስ እምብርት (ከርነሉ) የሚቀበለው ጥምረት 256 ብቻ ነው። 231ዱ ፊደላት ይገቡበታል፤ ዲቃላዎችና 20ው አኀዝ ሲጨመሩ ግን ይሞላል። በኮምፖዝ ቁልፍ ከተሄደም አንድ ፊደል ሦስት ምት ይፈጃል። ለፋይል ስም ወይም ለአጭር ማስታወሻ ይበቃል፤ መጽሐፍ ግን አይጻፍበትም።

ዩኒኮድ ክርክሩን የት አዛወረው

በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ለግዕዝ 345 ቦታዎችን ሰጠ። ከዚህ በፊት ፍስሃ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ይትና ፍርድይወቅና የዜሮክሱ ጆ ቤከር ለዚህ ውጤት ብዙ ደክመዋል። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላት ተጨመሩ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ከራሱ ጋር ይዞ ቀረበ።

ውጤቱ በሚገባ አልተስተዋለም እላለሁ። ኮዱ ከቁልፉ ተለየ። «ጋይንት» የሚለውን ቃል አንዱ በ5 ሌላው በ8 ምት ቢጽፈው ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡት አራት ቁጥሮች አንድ ናቸው። ስለዚህ «አቀማመጡ ካልተዋሐደ ሰነድ መለዋወጥ አንችልም» የሚለው የዶስ ዘመን ክርክር መሠረቱ ተነሥቷል። እስከ ዛሬ የሚደገመው በልማድ ነው።

አንድ ወጥ አቀማመጥ ይደንገግ ለሚሉት የቀራቸው ምክንያት ግን ቀላል አይደለም። ተማሪ ጣቱን በአንድ አቀማመጥ ካላሠለጠነ በየማሽኑ ላይ ጀማሪ ይሆናል። በቁልፎች ላይ ፊደል የሚታተመውም አቀማመጡ ሲታወቅ ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በመኪና፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በሴራ የሠለጠነውን ጸሐፊ ያነሣሉ፤ ትግርኛ፣ ጉራግኛና ግዕዝ የሚያስቀድሟቸው ፊደላት ከአማርኛ እንደሚለዩም ያስታውሳሉ። የባለቤትነት ጥያቄም አለ። ዶክተር አበራ ሞላ ለግዕዝ ፊደል አገባብ ዘዴያቸው በ2015 የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። የፈጠራ ሰው ድካሙ ሊታወቅለት ይገባል የሚለው ተገቢ ነው፤ ሕዝብ በየቀኑ የሚጽፍበት አቀማመጥ ነጻ መሆን አለበት የሚለውም እንዲሁ። ሁለቱ ገና አልታረቁም። በ1993 የተጀመረው ኪይማን በ2017 በነጻ መለቀቁና ማንም አቀማመጡን እንዲያሻሽል መፍቀዱ ለሁለተኛው ወገን ጥሩ ማስረጃ ሆኗል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለትምህርት ቤት አንድ መነሻ አቀማመጥ ይኑር፤ ለጸሐፊው ግን የማዛወር መብቱ ይጠበቅ። ስልክ የራሱን መንገድ ይዟል፤ ሀሁና ፋይን ግዕዝን በመሳሰሉ መጻፊያዎች ያደገ ወጣት የሚያውቀው አቀማመጥ ከሁሉም የተለየ ነው፣ እሱንም ድንጋጌ አይመልሰውም። ሊደነገግ የሚገባው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግረው ቁልፍ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚመታ፣ በየፕሮግራሙ የሚለያይና ማንም የማይከራከርለት እሱ ነው።

ኪቦርድ ያልደረሰበት፦ የዜማ ምልክት

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። በነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚገለበጠው ጽሑፍ ከፊደሉ በላይ የዜማ ምልክት አለው። ሊቃውንቱ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይተርካሉ። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶችና ከቃላት የተቆረጡ ጥቃቅን ፊደላት።

ዩኒኮድ በ2005 ለመጀመሪያው ዓይነት 10 ቦታ ሰጠ፤ ይዘት 1390 ላይ፣ ድፋት 1394 ላይ፣ ቁርጥ 1399 ላይ ተቀምጠዋል። በሊኑክስ የቁልፍ ፋይል ውስጥ ቀኝ አልትን ከቁልፍ ቁጥር 21፣ ማለትም ከ«ዋይ» ጋር አያይዞ 1390ን መጥራት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምልክቶቹ በዩኒኮድ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው፤ ከፊደሉ ቀጥለው ይሰለፋሉ እንጂ በላዩ አይወጡም። በብራና ላይ ግን ቦታቸው ከቃሉ በላይ ነው፤ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚያርፉም የዜማው ጉዳይ ነው። ጥቃቅኑ ፊደላት ከመስመሩ በላይ ሁለተኛ መስመር ይፈልጋሉ፤ ይህ የማቀናበሪያ ሥራ ነው፣ በኪቦርድ ብቻ አይፈታም።

ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ምልክቱ ከፊደሉ ቀጥሎ ተመትቶ ፎንቱ ወደ ላይ እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ለጸሐፊ ይቀላል፤ ነገር ግን ያው ፎንት በሌለበት ገጹ ይበላሻል፣ የዶስ ዘመን በሽታም በሌላ ልብስ ይመለሳል። ሁለተኛው ንባቡን ለብቻ፣ ምልክቱን ለብቻ ጽፎ በገጽ ማቀናበሪያ ማገናኘት ነው። ይህ ኮዱን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ጸሐፊውን ግን እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል። ሁለተኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ንባቡ ከምልክቱ ተለይቶ ሊፈለግና ሊታረም ይችላል። የትኛው ምልክት ቀላሉን ቁልፍ ማግኘት እንዳለበት ግን ከአዲስ አበባም ከአሜሪካም ሆኖ መወሰን አይቻልም። በድጓ ውስጥ የትኛው ምልክት እንደሚበዛና ገልባጩ ከንባብ በኋላ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚጥል የሚያውቁት የቤተልሔም መሪጌቶች ናቸው፤ አቀማመጡም ከነሱ አገለባበጥ መነሣት አለበት።